ሁለት ዓይን ያለው ፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፊልም ላይ የተራበ ሰው ሆኜ እንድሠራ ተጠራሁ። ዘመኑ 1966 ዓ.ም.፣ ቦታው ወሎ። የምናገረው ቃል አልነበረኝም። ሥራዬ አውራ ጎዳና ዳር መቀመጥ፣ መኪና ሲያልፍ ቀና ማለት፣ ካሜራው ሲጠጋኝ ደግሞ ማልቀስ ነው። «አንተማ የወሎ ልጅ ነህ፣ ታውቀዋለህ» አለኝ ዳይሬክተሩ። መርሳ ተወልጄ መርሳ ያደግሁ ነኝ፣ እሱ እውነት ነው። ግን በ66 አልነበርኩም። በ77ም አልነበርኩም። ቢሆንም «አዎ፣ አውቀዋለሁ» አልኩት። ሥራ የፈታ ተዋናይ ሌላ ምን ይላል?

ማታ ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጉንጬን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ ከንፈሬን ትንሽ ከፈት አደረግሁ። ጥሩ መጣልኝ። ከዚያ ግን ደነገጥኩ፤ ይሄን ፊት ከየት ነው ያመጣሁት? አያቴ እንዲህ አይታ አታውቅም። መርሳ ገበያም፣ ውርጌሳም፣ ሲሪንቃም እንዲህ የሚያይ ሰው አላየሁም። ከቴሌቪዥን ነው ያመጣሁት። ስለ ገዛ አገሬ ረሃብ «አውቃለሁ» የምለው ነገር በሙሉ፣ ካሜራ ይዞ የመጣ እንግዳ ቀርፆት በሄደው ምስል የተማርኩት ነበር። የዚህን ፊት ታሪክ መከታተል የጀመርኩት ከዚያ ማታ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሐብሩ መውረድ ነበር። ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን አልፋችሁ ውርጌሳ ስትደርሱ አየሩ ይሞቃል፤ መርሳ ስትገቡ መኪናው ገና ሳይቆም ማንጎና ፓፓያ በመስኮት ይገባላችኋል። አያቴ (ሁላችንም እማ ነው የምንላት) በ66 የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የተረፈው፣ እሱም አባቴ ነው። ስለዚያ ዘመን በቤታችን ብዙ አይወራም። «ክፉ ቀን» ይባላል፣ ከዚያ ወሬ ይቀየራል።

«እማ፣ የተራበ ሰው ሆኜ ልሠራ ነው፣ አሳዪኝ» አልኳት። ሳቀች። «ኧረ ይሄ ልጅ! ጠግበህ ውለህ መራብ ትማራለህ?» አለችኝ። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ተነስታ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ። እንደዚያ ሆና ቆየች። ትከሻዋ እንኳ አይንቀሳቀስም።

«አታለቅሱም ነበር?»

«ማልቀስ ጉልበት ይፈልጋል፣ የኔ ጌታ። ሰው እንዳያየን ነበር የምንፈልገው። ልብስ ያልቃል እኮ። ያፍራል ሰው።»

«የሚቀርፁ ሰዎች መጥተው ነበር ግን?»

«መጥተው ይሆናል። እኔ ግድግዳውን ነው ያየሁት።»

ተዋናይ ሆኜ ከተማርኩት ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። ግን እማ ግድግዳውን ስታይ፣ ከጀርባዋ ምን ሲደረግ እንደነበር ማወቅም ፈለግሁ።

በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ በምሥራቅ ወሎ ቆላ፣ ከራያና ቆቦ ጀምሮ እስከ የጁ፣ ሐብሩና አምባሰል ድረስ፣ ከዳ። ገበሬው በሬውን ሸጠ፣ ዘሩን በላ፣ ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ መኪና በሚያስቆም ሰው ሞላ። መንግሥት ግን ረሃብ የለም ይል ነበር። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከ40 ሺህ የሚጀምሩ ግምቶች አሉ፣ 200 ሺህ የሚደርሱም አሉ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ገደማ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶ አንስተው ተመለሱና ግቢው ውስጥ አሳዩት። ተማሪው ሰልፍ ወጣ። ልብ በሉ፤ የወሎ ፊት መጀመሪያ የታየው ፎቶ ሆኖ፣ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። በስክሪን የመጣው በኋላ ነው።

ስክሪኑን ያመጣው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አይቲቪ ላይ ታየ። ሰዉ ደነገጠ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ እርዳታ መጣ። ፊልሙ ባይሠራ ይሻል ነበር የምል እንዳይመስላችሁ። በዚያ እርዳታ የተረፈ ሰው አለ፤ ምናልባት አባቴም ከነዚያ አንዱ ነው።

ግን ፊልሙ ሁለተኛ ሕይወት አለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንዳለ አይደለም፤ ቆርጦ ቀጥሎ ነው። በተራቡት ሰዎች መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ ገባ፣ ትልልቅ ኬክ ገባ፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል ገባ። ንጉሡም ተቀምጠው እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ከዙፋን ወረዱ። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የዚያን ማታውን ያህል ሥራ የሠራ ኤዲቲንግ ያለ አይመስለኝም። ቴሌቪዥን ከጀመረ ገና አሥር ዓመቱ ነበር።

እኛ ተዋናዮች ይሄን ዘዴ ከሌላ ታሪክ ጋር አያይዘን ነው የምንማረው። ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ የፊልም ሰው፣ ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ኢቫን ሞዡኪን የተባለውን የዘመኑን ዝነኛ ተዋናይ ፊት ወሰደ። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ዝም ያለ ፊት ነው። ያንኑ ምስል መጀመሪያ ከአንድ ሳህን ሾርባ ጋር፣ ቀጥሎ ከሬሳ ሳጥን ጋር፣ ቀጥሎ ከምትጫወት ሕፃን ጋር ቀጣጠለው። ተመልካቹ ተዋናዩን አደነቀ ይባላል፦ ሾርባውን ሲያይ እንዴት እንደራበው! ለሟቿ እንዴት እንዳዘነ! ልጅቷን እንዴት በፍቅር እንዳያት! ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው። ያ የሙከራ ፊልም ዛሬ የለም፣ የቀረው ወሬው ነው። ቢሆንም የትወና ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ይሄን ሳይሰማ አይወጣም። ትምህርቱም፦ ብዙ አትድከም፣ ትርጉሙን የሚሰጥህ ከጎንህ የሚቀመጠው ነገር ነው።

እኔ ይሄን ክፍል ውስጥ ስማር ሳቅን፣ ማስታወሻ ያዝን፣ ወጣን። የራሳችን ሾርባ ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የወሎ ገበሬ ፊት በጥቅምት ከብሪታንያ ተመልካች ርኅራኄ ጋር ተቀጠለ፣ በመስከረም ደግሞ ከኬክ ጋር። መጀመሪያ «እርዱኝ» የሚል ፊት ነበር። በሁለተኛው «አውርዷቸው» የሚል ፊት ሆነ። ባለፊቱ ሁለቱንም አላለም። ምናልባት ያሰበው ስለ በሬው ነው። ምናልባት ካሜራ የያዘው ፈረንጅ ቶሎ እንዲሄድለት ነው የፈለገው። ቴሌቪዥን ያኔ የከተማ፣ ይልቁንም የአዲስ አበባ ነገር ስለነበር፣ ሐብሩ ውስጥ ያ ፊልም የታየበት ቤት ይኖራል ብዬ አላስብም። መንግሥት የገለበጠው ፊት መንግሥት መገልበጡን አላየም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይቆጨኛል። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ካሜራም ነበር። «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለው የሆሊውድ ፊልም በከፊል እዚህ ተቀርፆ በ1965 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ወጣ። ሪቻርድ ራውንድትሪ ዋናው ተዋናይ ነው፤ የኛው ደበበ እሸቱም ዋሳ የሚባለውን ገፀ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ። ደበበ በሃንጋሪ ትወና የተማሩ፣ በመድረክ የበሰሉ ሰው ነበሩ። ሙያቸውን የሚያውቁ ኢትዮጵያዊ ተዋናይ በዓለም ስክሪን ላይ ሲታዩ ትልቅ ነገር ነበር። ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያችው አገር፣ ከየትኛውም ተዋናያችን በላይ ዓለም ያየው ፊት ትወና ያልተማረ፣ ውል ያልፈረመ፣ ስሙ በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ያልወጣ ሰው ፊት ነው። ሁለቱ ፊልሞች በአንድ ወቅት መውጣታቸውን አንድም መምህር አንስቶልኝ አያውቅም። የፊልም ታሪካችን ሲነገር በ1890ዎቹ ቤተ መንግሥት ከገባው ተንቀሳቃሽ ምስል ይነሳል፣ «የሰይጣን ቤት» በተባለው ሲኒማ ያልፋል፣ በ1957ቱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» አድርጎ «ጉማ» ላይ ይደርሳል። የወሎ ፊት እዚያ ውስጥ የለም። እሱ የፖለቲካ ታሪክ ነው፣ ይባላል። ለእኔ ግን የትወና ታሪክም ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣን ተዋናዮች ሁሉ «የተቸገረ ሀገሬ» ሁኑ ስንባል የምንኮርጀው እሱን ነዋ።

77 መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የዘገበውና መሐመድ አሚን የቀረፀው የኮረምና የመቀሌ ምስል በቢቢሲ ታየ፣ ከዚያም በመላው ዓለም። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ስለዚህኛው ብዙ ተብሏል፣ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደኑ ላይቭ ኤድ ኮንሰርት ላይ ዴቪድ ቦዊ መድረክ ላይ ቆሞ አንድ ቪዲዮ አስተዋወቀ፤ የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረፃቸው የተራቡ ሕፃናት ነበሩ። ከሥሩ የተደረገው ዘፈን የአንድ የአሜሪካ ባንድ የፍቅር ዘፈን ነው፣ ሌሊት ማን ቤትሽ ይወስድሻል ዓይነት። ለሌላ ነገር የተዘፈነ ዘፈን። ስልኮቹ መጮህ ጀመሩ፣ ገንዘቡ ጎረፈ። ሾርባው ዘፈን ሆነ ማለት ነው።

አሁን ከቴሌቪዥኑ ልውጣና ወደ ግድግዳ ልሂድ፤ የወሎ ፊት ካሜራ ሳይመጣም ይሣል ነበርና።

የእናቴ እናት ክርስቲያን ናት፣ የአባቴ እናት እስላም። ወሎ ውስጥ ይሄ ወሬ አይደለም፤ ግን ለአንድ ተዋናይ ሁለት የተለያየ ትምህርት ቤት ነው። በአንደኛው ቤት መንዙማ አለ፣ ፊት የለም፤ ድምፅ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ ነው። በሌላው ቤት ግድግዳው በሙሉ ፊት ነው። ልጅ ሆኜ ከእናቴ እናት ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቅዳሴው ስለሚረዝምብኝ ሥዕል እያየሁ ነበር የማሳልፈው። አንድ ቀን «እነዚህኞቹ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ክፉዎች ናቸዋ» አለችኝ፣ የታወቀ ነገር እንደጠየቅሁ ሁሉ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ወይም ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰቃዩ ወታደር ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሲኒማ ቤት ያልገባ ሰው ክፉውን ከደጉ የሚለየው በዓይን ቁጥር ነበር። ከወልድያ ወደ ላስታ ስትወጡ፣ ከላሊበላ ብዙም የማትርቀው ገነተ ማርያም ውስጥ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሣሉ ሥዕሎች አሉ፤ ከነሱ መሃል የአጼ ይኩኖ አምላክ ምስል ይገኛል። ከአገራችን የንጉሥ ምስሎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ሰሜን ወሎ ውስጥ ከ700 ዓመት በፊት አንድ ሰው ብሩሽ ይዞ፣ ፊት እንዴት መቆም እንዳለበት ሲወስን ነበር ማለት ነው።

ይሄ ልማድ ለስክሪን ትወና ምን ይነግረናል? ምናልባት ለሌላ ሰው ምንም። ለእኔ ግን አንድ ነገር ሰጥቶኛል። እነዚያ ቅዱሳን ፊታቸው ላይ ስሜት የለም። ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ አልተናደደም። ሰማዕቱ አንገቱ ሲቀላ ፊቱ አልተጨማደደም። ዓይናቸው ትልቅ ነው፣ ያያችኋል፣ ያ ነው። ሠዓሊው «አሁን አልቅሱለት» አይላችሁም፤ የምታለቅሱ ከሆነ በራሳችሁ ነው። የኛ ተዋናይ ግን ከመድረክ ስለመጣ፣ መድረክ ደግሞ ለኋለኛው ወንበር ስለሚጮህ፣ በ1990ዎቹ የቪዲዮ ፊልም ሲበዛ ያንኑ ጩኸት ይዘን ካሜራው ፊት ቀረብን። ካሜራው ግማሽ ሜትር ላይ ነው ያለው! እስከ ዛሬ አንዳንድ ድራማ ሳይ ድምፁን እቀንስና ፊቱን ብቻ አያለሁ። ሞክሩት። ያለ ድምፅም ይጮሃል። የራሴንም ሥራ ጨምሮ ነው የምለው።

ወልድያ ደግሞ የራሷ ሠዓሊ አላት። ታደሰ መስፍን በፈረንጆቹ 1953 ወልድያ ተወለዱ፤ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ተምረዋል፣ በኋላም ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተምረው ተመልሰዋል። በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷ ድንኳን ሲኖራት ሥራው የቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ነበር ሥዕላቸውን ያየሁት፣ በስልኬ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ። «የሕይወት ምሰሶዎች» ከተባለው ተከታታይ ሥራቸው አንዱ ነው። የጉሊት ሴቶች ናቸው። ከፊታቸው ትንሽ ትንሽ ሸቀጥ፣ ሳህን፣ ሚዛን። አንዳንዶቹ ቆመዋል፣ አንዳንዶቹ ተቀምጠዋል። ረዣዥሞች ናቸው። ከጀርባቸው ገበያው የለም፣ ሰማይ የለም፣ አስፋልት የለም፤ ባዶ ቀለም ነው።

ከታክሲው ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት። መርሳ ገበያን ነው ያየሁት። እማን ራሷን ነው ያየሁት፤ ልጅ ሆኜ ከጎኗ ተቀምጬ ሎሚ ስትሸጥ። ግን ያላየሁትም ነገር ነበር። የጉሊት ሴት ስትቀረፅ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቀራጩ ቆሞ፣ እሷ ተቀምጣ። ዜና ላይም፣ ማስታወቂያ ላይም፣ የእርዳታ ድርጅት ፖስተር ላይም። እዚህ ሥዕል ላይ ግን ሠዓሊው ከእሷ በላይ አልቆመም። ዓይኖቿ በእኔ ዓይን ልክ ናቸው፣ እንዲያውም ከፍ ይላሉ። ከጎኗ ደግሞ ፊቷን የሚተረጉምላት ነገር የለም። ኬክ የለም፣ ውሻ የለም፣ ዘፈን የለም። ለምን እንደቆመች ንገሪኝ ብትሏት፣ «ልሸጥ ነዋ» የምትል ነው የሚመስለው።

ሠዓሊው ስለ 66 እያሰቡ ነው የሣሉት አልልም፣ እንደዚያ የሚል ነገር አላነበብኩም። ግን አንድ የወልድያ ልጅ ሥራውን የወሎ ፊት በመላው ዓለም ከተቆራረጠ በኋላ፣ አንዲትን ሴት ምንም ሳይቀጥል ፊት ለፊት ማቆም ሲሆን፣ ለእኔ መልስ ሆኖልኛል።

በፊልም በኩል ለዚህ የሚቀርብ ሥራ ከኃይሌ ገሪማ ዘንድ አለ። ኃይሌ ራሳቸው የተነሱት ከትወና ነው። በፈረንጆቹ 1967 ቺካጎ ትያትር ሊማሩ ሄደው፣ የሚሰጣቸው ሚና የአሽከርና የጭፍራ ቢሆንባቸው ወደ ሎስ አንጀለስ ዞረው ፊልም ተማሩ። ከዚያ አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ሰሞን አገር ቤት ገብተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረፁ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ትያትር ያልተማሩ ሰዎችን ይዘው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው፤ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ግማሹን ተኝቼበታለሁ፣ አልዋሽም። ሁለተኛ ሳየው ግን ለምን እንደሚዘገይ ገባኝ። ገበሬው ሲያርስ ካሜራው ይጠብቀዋል። ሲቀመጥ ይጠብቀዋል። ቸኩሎ ወደ ፊቱ አይሮጥም። የዲምብልቢ ካሜራ ማስረጃ ይዞ መሄድ ነበረበት፣ ያለው ጊዜ ጥቂት ነው፤ አይፈረድበትም። የኃይሌ ካሜራ ግን የሚሄድበት ቦታ የለውም። ሁለቱም የተቀረፁት በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ፣ በአንድ አገር ገበሬ ላይ ነው። ትወና ለሚማር ልጅ ሁለቱን አከታትሎ ማሳየት ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ወደ ቀረጻዬ ልመለስ። ወሎን የሆነው ሥፍራ ወሎ አልነበረም፤ ለበጀት ሲባል አዲስ አበባ ዙሪያ ነው የተቀረፀው። መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። «አክሽን» ሲባል እማ እንዳሳየችኝ አደረግሁ። ፊቴን ከአስፋልቱ አዞርኩ፣ የጋቢዬን ጫፍ አፌ ላይ አደረግሁ፣ ዝም አልኩ። መኪናው አለፈ። ቀና አላልኩም።

«ቆርጠን! ወንድሜ፣ ፊትህ እኮ አይታይም።»

አስረዳሁ። ዳይሬክተሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ሰማኝ። እንዲያውም ነገሩ ወደደው። «ለአንተ ሲባል አንድ እንወስዳለን፣ ከዚያ ደግሞ ለእኔ» አለኝ። አንዱን በእማ መንገድ ወሰድን። ከዚያ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ መጥታ ዓይኔ ሥር ቪክስ ቀባችኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ቀና አልኩ። ጉንጬን ሳብኩ፣ ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ ከንፈሬን ከፈት አደረግሁ። መስታወት ፊት የተለማመድኩትን። ሰዉ አጨበጨበልኝ።

የትኛው እንደገባ ታውቃላችሁ። ከሥሩም ዋሽንት ተደርጎበታል።

መውቀስ እችል ነበር፤ ግን ቪክሱን ለመቀባት ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ። ክፍያዬንም ተቀብያለሁ።

ፊልሙ ሲወጣ በስልክ ጭኜ መርሳ ወሰድኩላት። እማ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ከራሷ አርቃ ይዛ አየችው። የኔ ቦታ ሲደርስ «እቻት!» አለች። አልፎ ሄደ፣ መልሰው አለችኝ፣ መለስኩላት። ስለ ፊቴ ምንም አላለችም። «ዋሽንቱን ማን ነው የሚነፋው?» አለችኝ።

«ሙዚቃ ነው እማ፣ ለፊልሙ የተጨመረ።»

«እኮ። በዚያን ጊዜ ዋሽንት የሚነፋ አቅም ያለው ሰው ማን ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ተከታታይ ድራማና አንድ ፊልም ሠርቻለሁ። ዳይሬክተር አልቅስ ሲለኝ የማለቅስበት ጊዜ አሁንም አለ። ግን ኮንትራት ሳልፈርም በፊት፣ ከእኔ ምስል ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እጠይቃለሁ። አብዛኛው «እሱን ኤዲተሩ ነው የሚያውቀው» ይለኛል። አንድ ሁለቱ ግን ቁጭ ብለው ነግረውኛል፤ ከነሱ ጋር ስሠራ ፊቴ ያርፋል።

እማ ባለፈው ዓመት ሐብሩ ላይ አረፈች። ፎቶ አትወድም ነበር። ሠርግ ላይ ካሜራ ሲመጣ ሻሿን ሳብ አድርጋ ዞር ትላለች፤ እኛ ልጆቹ ሃይማኖት ነው እንል ነበር፣ አሁን ግን ሌላም ነገር ይመስለኛል። ቤት ውስጥ ብንፈልግ የተገኘው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፣ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው። መታወቂያ ስለሆነ ዞር ማለት አልተፈቀደላትም። ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኗ እየታየ፣ ከጀርባዋ ነጭ ጨርቅ።

መርሳ መናኸሪያው አካባቢ ያለ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳድግልኝ አልኩት። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አጎላው። ከጀርባዋ የመካ ሥዕል ላድርግላት? አለኝ። አልፈልግም አልኩት። አረንጓዴ መስክስ? አልፈልግም። ከንፈሯን ትንሽ ላስቀው፣ አሁን አፕ አለ፣ በደንብ ይወጣል አለኝ። አጎቴ ከጎኔ ቆሞ ነበር፣ «አንተ ልጅ፣ ምንም አትንካ፣ እንዳለች አውጣት» አለው። ነጩን ጨርቅ እንደያዘች ወጣች። ፍሬሙን ጨምሮ 600 ብር ከፈልን።